ግት ውስጥ የገባ ሻጋታ

 

የዛሬው የእንስሳት ጤና ዝግጅታችን ስለ በግ ግት ነው። የግት በሽታ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ወደ ላም ይሄዳል፤ የምናልበው እሷን ነውና አይፈረድብንም። በደጋው አገር፣ መንዝ ይሁን ወሎ፣ ጎጃም ይሁን አርሲ፣ በግ የሚረባው ለሥጋው፣ ለጠጉሩ፣ ቸገር ሲል ደግሞ ገበያ ወጥቶ ለሚሸጥበት ነው። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግን በግ ያልባሉ፤ ለነሱ የዛሬው ጉዳይ የጓዳ ጉዳይ ነው። ደገኛውም ቢሆን «እኔ በግ አላልብ፤ ምን አገባኝ» ብሎ ሬዲዮኑን እንዳያጠፋ አደራ። እናት በግ ባትታለብም ታጠባለች። ግቷ ሲታመም መጀመሪያ የሚያውቀው ግልገሏ ነው። ባለቤቱ የሚነቃው ግልገሉ ከስቶ፣ ጠጉሩ ቆሞ፣ እናቱን እየተከተለ ሲጮኽ ካየ በኋላ ነው።

የበግ ግት ሲያብጥ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው አለ፤ በእጅም፣ በጡት ቁስልም፣ በግልገል አፍም ይተላለፋል። ማንሄይሚያ የሚባለውም አለ፤ ግልገል በጉሮሮው ይዞት እየጠባ ወደ እናቱ ያስገባዋል። እነዚህ ሲጠኑ ግቱን አጥቁረው፣ አቀዝቅዘው፣ አበስብሰው እስከ መጣል ይደርሳሉ። ስለነሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነሳው የፈንገስን ነገር ነው፤ ሻጋታና እርሾ የምንላቸውን ማለቴ ነው።

ገና ከመነሻው ልናገር፤ በፈንገስ የሚመጣ የግት በሽታ በየመንደሩ በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም። ከባክቴሪያው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ታዲያ ጥቂት ከሆነ ለምን ጊዜያችሁን እወስዳለሁ? አንደኛ፣ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው መድኃኒት ከእጃችን ሩቅ ነው። ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ፈንገሱ ብዙ ጊዜ በራሱ መንገድ አለመምጣቱ ነው። ወደ ግት የሚያስገባው ሰው ነው፤ ያውም ሊያክም የመጣ ሰው።

ይህን ከባዶ ሜዳ አንስቼ የምናገረው አይደለም። ወደ ስፔን ልውሰዳችሁ።

ስፔን በበግ ወተት የታወቀች አገር ናት። ማንቼጎ የሚባለው ስመ ጥር አይባቸው ከማንቼጋ በግ ወተት ብቻ የሚሠራ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ ካስቲያ ኢ ሌዮን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አሳፍ የሚባል ዝርያ በብዛት ይታለባል። አሳፍ እስራኤል ውስጥ አዋሲን ከጀርመን የወተት በግ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። አዋሲን ደግሞ የሰሜን ሸዋ አድማጮቻችን ያውቁታል፤ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል የኖረው እሱ ነው። እና በስፔን የወተት በጎች ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 እና በ2000፣ የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ያልተለመደ ነገር ጽፈው አሳተሙ። ግታቸው የታመመ እናት በጎች ወተት ሲመረመር የተገኘው ተህዋሲ ባክቴሪያ አልነበረም፤ አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የሚባል ሻጋታ ነበር። በአንዳንዶቹም ሻጋታው ግት ውስጥ አልተወሰነም፤ በደም ተጉዞ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ዘልቋል። በ2000 የታተመው ጥናት ደግሞ በሽታውን ከአንድ የታወቀ የእርባታ ሥራ ጋር አገናኘው። በጎቹ ሲነጥፉ ወደ ግታቸው ከሚገባው የአንቲባዮቲክ መድኃኒት ጋር።

ይህ አሠራር ምን እንደሆነ ላስረዳ። የወተት በግ አርቢዎች የአንድ ወቅት አለባ ሲያበቃ በጊቱን ያነጥፏታል፤ ማለብ ያቆማሉ። ያን ጊዜ በየጡቷ ቀዳዳ አንቲባዮቲክ ያስገባሉ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ግት ውስጥ ተደብቆ የቀረ ባክቴሪያ ካለ በዕረፍቷ ወራት እንዲጠፋ፣ አዲስም እንዳይገባ። በወተት ላሞች ዘንድ ይህ ከተጀመረ ዘመን አልፎታል፤ በትክክል ከተሠራ ጥቅሙ የተመሰከረለት ነው። ችግሩ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚገባው ነው።

የበግ ግት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለት ወገን፣ ሁለት ጡት። የግራውና የቀኙ ወተት አይገናኝም፤ ስለዚህም አንዱ ታሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ጡት ጫፍ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ፈጣሪ ያለ ጠባቂ አልተዋትም፤ ዙሪያዋን ጡንቻ ይቋጥራታል፤ ውስጧንም ኬራቲን የሚባል ሰም መሰል ነገር ይሸፍነዋል። በጊቱ ስትነጥፍ ይኸው ኬራቲን እየተጠራቀመ ቀዳዳዋን ይደፍነዋል። ተህዋሲ ይህን ጥሶ ለመግባት መታገል አለበት። አሁን ሰው መጥቶ የቱቦ ጫፍ ሲያስገባባት ምን ይሆናል? መድፈኛው ይገፋል፤ ቀዳዳዋ ትለጠጣለች፤ በጡቱ ጫፍ ላይ የነበረው ቆሻሻ ሁሉ እየተገፋ ከጠባቂው ባሻገር፣ ወተት ወደሚጠራቀምበት ቦታ ይደርሳል።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ጋጥ ውስጥ ነን። መሬቱ ላይ ገለባ አለ፤ ከሥሩ በጠጥና ሽንት ተደባልቆ ረጥቧል። በጊቱን አንድ ሰው በጉልበቱ አጥብቆ ይዟታል። ሌላው ጎንበስ ብሎ ጡቷን በልብሱ ጫፍ ጠረግ ያደርጋል። ሲሪንጁን ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ሞልቶ መርፌውን ይነቅላል፤ የጠርሙሱ ክዳን ላይ ያለው ላስቲክ ስንት ጊዜ እንደተወጋ የሚያውቅ የለም። ወደ ግራው ጡት ግማሹን ያስገባል። በጊቱ ትራገጣለች፤ ሲሪንጁ ገለባው ላይ ይወድቃል። አንስቶ እፍ ይልበታል። የቀረውን ግማሽ ወደ ቀኙ። ከዚያ ወደሚቀጥለው በግ።

እፍ በተባለበት በዚያ ጫፍ ላይ ስንት የሻጋታ ዘር እንዳለ በዓይን አይታይም። የአስፐርጂለስ ፉሚጋተስ ዘር ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ተከፍሎ ሁለት ወይም ሦስት እጁን ብታክል ነው። በሻገተ ድርቆሽ፣ በረጠበ ገለባ፣ በፍግ ክምር ውስጥ በገፍ አለች፤ ገለባ በመንሽ ሲገለበጥ ከሚነሳው አቧራ ጋር ትበናለች። በየቀኑ እኛም በጎቻችንም እንተነፍሳታለን፤ ጤነኛ አካል ያስወግዳታል። ግት ውስጥ በቀጥታ ሲጨምሯት ግን ነገሩ ይለያል።

ሻጋታ ሁሉ እንዲህ አይደለም። የበግ ሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጀራችንንና ዳቧችንን የሚያበላሹት አብዛኞቹ ሻጋታዎች ይህ ሙቀት ይከብዳቸዋል። አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ ግን ከ50 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት እንኳ ይበቅላል። ውስጡ የሚግል የፍግ ክምር ቤቱ ነው። ለእሱ የበግ ግት ምቹ ነው፤ ሙቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ስኳርና ፕሮቲን የሞላበት ነው፤ በነጠፈች በግ ላይ ደግሞ በየዕለቱ እየታለበ የሚያጥበው ወተት የለም። ወራት ያለ ተቀናቃኝ ያገኛል። ተቀናቃኙን ያጠፋለት ማን ነው? አብሮት የገባው አንቲባዮቲክ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ገድሎ ሻጋታን የማይነካው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ መልሱን ማወቅ ደግሞ ገንዘብ ያድናል።

ፔኒሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያን የውጭ ግድግዳ ግንባታ በማስተጓጎል ነው። ቴትራሳይክሊን፣ በገበያ «ኦክሲ» እየተባለ የሚጠራው ወገን፣ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ያግዳል። የፈንገስ ግድግዳ ግን ከሌላ ነገር የተሠራ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራበትም መንገድ የባክቴሪያውን አይመስልም፤ የእኛንና የበጊቱን ይመስላል። ፈንገስ በዝምድና ለባክቴሪያ ሩቅ፣ ለእንስሳ ቅርብ ነው። ለዚህ ነው ፈንገስን የሚገድል መድኃኒት ማግኘት የሚያስቸግረው፤ ፈንገሱን የሚጎዳው ነገር በጊቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞስ ፔኒሲሊን ራሱ ከየት መጣ? አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ ያገኘው ከሻጋታ ነው። ሻጋታው ጎረቤቶቹ የሆኑትን ባክቴሪያዎች የሚያሸንፍበት መሣሪያ ነበር። ሻጋታ በሠራው መሣሪያ ሻጋታን ለመግደል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ነገሩ ተገላብጦም ሠርቷል፤ ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት በ1950 ኒስታቲን የሚባለውን የእርሾ ማጥፊያ ይፋ ሲያደርጉ ያገኙት በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ሴቶቹ ይሠሩ የነበረው በኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ስለነበር ኒስታቲን የሚለውን ስም ያወጡለት በግዛቲቱ ነው። እዚህ ላይ ሻጋታን አጥብቄ እንዳልወነጅል ደግሞ፣ የፈረንሳዩ ሮክፎር አይብ የሚበስለው በሻጋታ ነው፤ የሚሠራውም ላኮን ከሚባሉ በጎች ወተት ነው። በአይቡ ላይ ሲሆን በውድ ይሸጣል፤ በግቱ ውስጥ ሲሆን በግ ያሳጣል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። በግ ታሞ እንደሆነ በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ጠጉሩ ይሸፍነዋል። ከኋላዋ ሆናችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ግቷ ስደዱ፤ አንዱ መዳፍ በግራው፣ ሌላው በቀኙ ላይ ይሁን። ሁለቱን እያነጻጸራችሁ ዳብሱ። ጤነኛ ግት ለስላሳ ነው፤ ሙቀቱም ከሁለቱም ወገን እኩል ነው። አንዱ ከሌላው ካበጠ፣ ከጠነከረ፣ ካቃጠለ፣ ወይም ጠንካራ ጉብታዎች ከተሰሟችሁ ነገር አለ። የታመመች በግ የኋላ እግሮቿን አራርቃ ትሄዳለች፤ አንዳንዴም የታመመው ግት ባለበት በኩል ታነክሳለች፤ ሰዎች እግሯን ሲመረምሩ ይውላሉ። ግልገሏ ሊጠባ ሲመጣ ትሸሻለች ወይም ትገፋዋለች። ወተቱን ጥቂት አልባችሁ በጥቁር ዕቃ ላይ ብታዩት ቀጥኖ ውኃ መስሎ፣ ወይም የረጋ ፍርፋሪ ይዞ ታገኙታላችሁ። ሲቆይ መግል ይመጣል።

ይህ ሁሉ ግን ባክቴሪያም ሲሆን የሚታይ ነው። ታዲያ ፈንገስን የሚያስጠረጥረው ምንድን ነው? ታሪኩ ነው። በጊቱ በቅርቡ ወደ ጡቷ መድኃኒት ገብቶላት ነበር ወይ? ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ወይ? አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ምንም ለውጥ አላሳየችም፣ ይባስ ብሎ ጸናባት? ትኩሳቷ መለስ እያለ እንደገና ይነሳል? በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ የታከሙ ብዙ በጎች ተከታትለው ታመሙ? የዚህ ሁሉ መልስ «አዎ» ከሆነ ሁለተኛ ዓይነት አንቲባዮቲክ ፍለጋ አትሂዱ። በተለይ ይህን ልብ በሉልኝ፤ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን መጨመር፣ ከዚያ ሌላ መቀየር፣ ከዚያ እብጠቱ እንዲቀንስ ዴክሳሜታዞን መጨመር የተለመደ አካሄድ ነው። ፈንገስ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ለእሱ ይጠቅመዋል። ዴክሳሜታዞንና መሰሎቹ እብጠት የሚቀንሱት የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ጭምር ነውና።

በሳሙና የሚሠራውን ምርመራ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከወተቱና ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እኩል እኩል በዝርግ ሰሃን ላይ አድርጎ ማዞር ነው፤ ከወፈረና ከተዝለገለገ ግቱ ተቆጥቷል ማለት ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ርካሽም ነው። የሚነግራችሁ ግን ግቱ መታመሙን ብቻ ነው። ያሳመመው ባክቴሪያ ይሁን ሻጋታ አይለይላችሁም።

የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ተቋም አለ፤ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላ፣ በደሌ፣ ሶዶ፣ ሰመራና ጅግጅጋም የክልል ላቦራቶሪዎች አሉ። ናሙናውን የሚወስደው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በቆሸሸ እጅ የተወሰደ ወተት ላይ ሻጋታ ቢገኝ ከግቱ ይሁን ከጋጡ አቧራ ማንም ሊናገር አይችልም። የጡቱ ጫፍ በ70 ፐርሰንት አልኮል በተነከረ ጥጥ ደጋግሞ ይጠረጋል፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። አልኮሉ ይድረቅ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይደፋሉ። ከዚያ ክዳኑ ያልተነካካ ንጹሕ ጠርሙስ ጋደም ተደርጎ ይያዝና ይታለብበታል፤ አፉ ወደ ላይ ከቆመ ከበጊቱ ሆድ የሚረግፈው አቧራና ጠጉር ይገባበታል። የግራውና የቀኙ በየራሳቸው ጠርሙስ ይሁኑ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ይጻፍባቸው። በበረዶ ተይዞ በቶሎ ይድረስ።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለሙያው ንገሩ፦ «ፈንገስም እንዲታይልኝ» በሉ። ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ስለሚበቅል ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሻጋታ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፤ የሚዘራበትም ሳቡሮ የሚባል የተለየ ምግብ አለው። ካልተነገረው «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ባለበጉም ምንም አልተገኘም ከተባለ ምንም የለም ብሎ ይደመድማል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውጤቱ መጣ እንበል። ከሁለት አንዱ ነው፤ እርሾ ወይም ሻጋታ።

እርሾ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካንዲዳ የሚባለው ወገን፣ ተስፋ አለ። ካንዲዳ በእንስሳት ቆዳ ላይና በማለቢያ ዕቃ ላይ የሚኖር ነው፤ በተበከለ የመድኃኒት ጠርሙስና በሲሪንጅም ይገባል። ከላሞች በተገኘው ልምድ፣ እርሾ ያሳመመው ግት ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። የሚያስፈልገው አንቲባዮቲኩን ማቆምና ግቱን ቶሎ ቶሎ እያለቡ ባዶ ማድረግ ነው። ለአርሶ አደር «መድኃኒቱን ተው» ብሎ ምክር መስጠት ይከብዳል፤ ምንም አልተደረገልኝም ብሎ ይከፋል። ግን ትክክለኛው ሕክምና እሱ ነው። የሚታለበው ወተት ይደፋ፤ ለሰው አይሰጥ።

አስፐርጂለስ ከሆነ ግን ደስ የማይል ነገር መናገር ግድ ነው። ሻጋታው በግቱ ሥጋ ውስጥ ክር እየሰደደ ይገባል፤ የደም ሥሮችን ይወጋል፤ ዙሪያው ይሞታል፤ ሰውነት ደግሞ ሊከበው ሲሞክር ጠንካራ ጉብታ ይሠራል። መድኃኒት ወደዚያ ጉብታ ውስጥ መድረስ ይቸገራል። ለሰዎች የሚሰጠው አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል፤ ዋጋውም ከአንዲት በግ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ «በጊቱን ከመንጋው አውጣት» ቢላችሁ ሙያ ጎድሎት አይደለም። ግቷ በሁለቱም ወገን የተበላሸ በግ ብትከርምም በሚቀጥለው ወሊድ ግልገሏን አታሳድግም። እያተኮሳት፣ እየከሳች ካለች ወይም በቅርብ መድኃኒት ከተሰጣት ወደ ገበያም ወደ ቢላዋም ከመቸኮላችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቅ ጊዜ አለ።

አሁን ወደ መከላከሉ። እኔ እንደማስበው በዚህ በሽታ ዙሪያ ሊባል ከሚችለው ሁሉ ብዙ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የደጋ በግ ስትነጥፍ አንቲባዮቲክ የሚያስገባ የለም ማለት ይቻላል፤ አያስፈልግምም። ግልገሉ ሲያድግ ጡት ይተዋል፤ ግቱም በራሱ ይነጥፋል፤ ኬራቲኑም ሥራውን ይሠራል። ማንም ሳይነካው ደህና የሚከርምን ግት «ለጥንቃቄ» ብሎ መነካካት ጉዳት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ያበጠ ግት ስታዩም ለላሚቱ ከተገዛው የተረፈ ቱቦ አለኝ ብላችሁ ወደ በጊቱ አትሂዱ። የላም ቱቦ የተሠራው ለላም ጡት ነው፤ የበግ ጡት ቀዳዳ ከዚያ የጠበበ ስለሆነ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ የተከፈተ ቱቦም ሲያድር የሻጋታ ማደሪያ ይሆናል።

የእንስሳት ሐኪም አይቶ ወደ ጡት መድኃኒት መግባት አለበት ካለ፣ ሥራው ንጹሕ መሆን አለበት፤ እናንተም ቆማችሁ ተመልከቱ። በጊቱ ከጋጡ ውጭ፣ አቧራ በሌለበት ደረቅ ቦታ ትያዝ። በሚሠራበት ሰዓት ገለባ የሚገለብጥ፣ ጋጥ የሚጠርግ አይኑር። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ጓንት ይደረግ። የጡቱ ጫፍ በአልኮል ይጠረግ፤ ልብስ ጫፍ፣ ምራቅ፣ እፍታ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ጡት የራሱ ያልተከፈተ ቱቦ ይኑረው፤ ግማሹን ለዚህ፣ ግማሹን ለዚያ የሚባል ቁጠባ የለም። ጫፉ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እስከ ሥሩ መስደድ ቀዳዳዋን ያቆስላታል፤ መድፈኛውንም ይጠርገዋል። መሬት የነካ ነገር ይጣል። ሲያበቃ ጡቱ አዮዲን ውስጥ ይነከር፤ በጊቱም ወደ ረጠበ ጋጥ ወዲያው አትመለስ።

ከጠርሙስ እየተቀዳ ለመንጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነገር ለብቻው ያሳስበኛል። ጠርሙሱ አንድ ጊዜ በተበከለ መርፌ ከተወጋ ከዚያ በኋላ የሚቀዳው ሁሉ የተበከለ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችል ይሆናል፤ እርሾውና ሻጋታው ግን አብረውት ይከርማሉ። ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ጠርሙስ፣ ገበያ ላይ ከማይታወቅ ሰው በሲሪንጅ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት፣ እነዚህን እባካችሁ ተዉ። በመርፌም ቢሆን ጎጂ ናቸው፤ ወደ ግት ሲሆኑ ደግሞ ይብሳሉ።

ጋጡን በተመለከተ ባጭሩ፣ ክረምት ሲገባ ጣራው እንዳያፈስ፣ መሬቱ ዘቅዘቅ ብሎ ሽንት እንዲያወርድ፣ የሻገተ ገለባ ለመኝታ እንዳይነጠፍ። «ለመብል የማይሆነው ለመኝታ ይሁን» የምንለው ነገር የወለደችን በግ ግት ሻጋታው ላይ ማስተኛት ነው። በተለይ ወላዶቹ ለብቻ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ይደሩ።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ሌላ ጉዳይ አለ። የሻገተ መኖ መብላት የፈንገስ የግት በሽታ አያመጣም፤ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባለው፣ የዛሬው ባለጉዳያችን ዘመድ፣ በረጠበ እህልና በፋጉሎ ላይ ሲበቅል አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። እንስሳዋ ስትበላው የመርዙ ዝርያ ወደ ወተቷ ይወጣል። ግቷ ጤነኛ፣ ወተቱም ነጭና ጥሩ ሆኖ መርዙን ሊይዝ ይችላል፤ ቢፈላም አይጠፋም። በአዲስ አበባና አካባቢው የላም ወተት ላይ ሲመረመር ተገኝቷል፤ ዋናው ተጠርጣሪም የኑግ ፋጉሎ ነበር። በግ የምታልቡ ወገኖቻችንም ሆናችሁ ላም ያላችሁ፣ የሻገተ ፋጉሎ «ከሚጣል ከብት ይብላው» አይባልም።

በመጨረሻ ወደ ግልገሉ ልመለስ። አንድ ወገን ግቷ የሞተባት በግ ካለቻችሁ፣ ሌላው ወገን ደህና ከሆነና በጊቱም ካልከሳች፣ አንድ ግልገል ልታሳድግ ትችላለች። መንታ ከወለደች ግን ለሁለቱ አይበቃም። ደካማውን ለይታችሁ ወይ ሌላ ወላድ ላይ አስጠጉት፣ ወይ በጡጦ የላም ወተት አጠጡት። ሌላ እናት የምትቀበለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ የራሷን ልጅ ሽታ ቀቡት፣ ሌሊቱን አንድ ላይ በጠባብ ቦታ ዝጉባቸው። ከታመመው ጡት የሚጠባ ግልገልን ግን በምንም መንገድ ወደ ጤነኛ እናት አትላኩ፤ በአፉ ይዞት የሚሄደውን አታውቁም።